መሬት ያልነካው ዝናብ

ሰመራ ላይ ከቀትር በኋላ ደጅ የሚቀመጥ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ እንደኔ ጡረታ የወጣ። ልጄ ግቢው ውስጥ የሰሌን ዳስ ሠርቶልኛል። እርጥብ ሻሽ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ እዚያ ሥር እቀመጥና ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትን ተሳቢዎች አያለሁ። ሌላ የሚታይ ነገርም የለም።

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሃያት መጽሐፏን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። ፈተና ሲደርስ ለሰው ካልተናገረችው አይገባትም፤ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ደግሞ ለእኔ ስትል በአማርኛ ትመልሰዋለች። እኔም እሰማታለሁ፣ ከተሳቢ ይሻላል።

«እማማዬ፣ ዳመና ከውሃ ብቻ አይሠራም» አለችኝ። «ተኑ የሚያርፍበት ነገር ይፈልጋል፤ በዓይን የማይታይ ብናኝ። ደን ያለበት አገር ዛፎቹ ሽታ ይለቃሉ አይደል? ያ ሽታ አየር ላይ ተለውጦ ብናኝ ይሆናል። ውሃው እሱ ላይ ያርፍና ጠብታ ይሆናል።»

«ጢስስ?» አልኳት። ከየት እንደመጣብኝ እንጃ።

ገጹን ገለበጠች። «ጢስም ብናኝ ነው። ግን ከመጠን በላይ ሲበዛ ያው ውሃ ለብዙ ይከፋፈልና ጠብታው ያንሳል። ትንሽ ጠብታ ደግሞ ቶሎ አይወድቅም፤ ቢወድቅም መንገድ ላይ ይተናል ይላል።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እንዴ! አንቺ እንዴት አወቅሽ?»

እኔማ ምን አውቄ! ያወቀው ሰው ላይ ነው የሳቅኩት። ከመሳቅም የባሰ ነገር አድርጌበታለሁ። ይህን ለልጆቼም ነግሬያቸው አላውቅም።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባቡሩ ገና ወደ ጅቡቲ የሚመላለስበት ጊዜ ነው። አባቴ ሐሰን ከወሎ መጥቶ አዋሽ ሰባት ኪሎ ባቡር ጣቢያ ሐዲድ ሲጠግን ኖረና እዚያው ሞተ፣ አላህ ይርሐመው። እናቴና ሦስት ታናናሾቼ በእኔ እጅ ቀሩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር የአየር ሁኔታ መመዝገቢያ ጣቢያ ውስጥ ሥራ አገኘሁ።

ጣቢያ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከሐዲዱ ማዶ በሽቦ የታጠረች ቁራጭ መሬት፣ ቴርሞሜትር ያለበት ነጭ የእንጨት ሳጥን፣ ዝናብ የሚጠራቀምበት ቆርቆሮና አንዲት ክፍል ቢሮ፤ በቃ ይኸው ነው። በየሦስት ሰዓቱ ሰማዩን አይቼ መዝገብ ላይ መጻፍ ነበር ሥራዬ። አለቃዬ ጋሽ ታደሰ የደብረ ብርሃን ሰው ነበሩ። አዋሽ ለአንድ ዓመት ብለው መጥተው አሥር ዓመት ሙቀቱን ሲረግሙ ኖረዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም። በመዝገብ ጉዳይ ግን ቀልድ አያውቁም፤ «መዝገብ የመንግሥት ዓይን ነው፣ ያላዩትን አይጽፉበትም» ይሉ ነበር።

ከተማዋ በዚያን ጊዜ በቀትር ብቻ ነው ነፍስ የምትዘራው። አውቶቡሶቹ ለምሳ ይቆማሉ፣ የፍየል ጥብስና የናፍጣ ሽታ አንድ ላይ ይነሣል፣ ሾፌሮቹ ሚሪንዳ ይዘው ጥላ ይፈልጋሉ። ሲመለሱ ደግሞ መኪናቸው ጣሪያ ላይ ከሰል ጭነው ይሄዳሉ። ከሰሉ ከአዋሽ አርባ ጀምሮ በጆንያ በጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሯል። ግራሩ ከሥሩ እየተቆረጠ ነበር የሚከሰለው፤ ወንዝ ዳር ያለው ሾላና ሁመር ሳይቀር። ጠዋት ጠዋት ከወንዙ ገደል በኩል ጢሱ ተኝቶ ይታያል፤ ፀሐይ ሲሞቀው ተነሥቶ ሰማዩን ያቆሽሸዋል። እውነቱን ልናገርና እኛም ቤት የምናበስለው በዚያው ከሰል ነበር።

አባ ሁመድ የአባቴ ወዳጅ ነበር። አፋር ነው፣ ከብት አርቢ፤ ሰውነቱ እንደ ዱላው ቀጥ ያለ ሽማግሌ። አማርኛውን የለመደው ከባቡር ሠራተኞች ስለሆነ ስድቡን ሁሉ አብሮ ይችለው ነበር። በድርቅ ጊዜ አባቴ ከባቡሩ ታንከር ውሃ ቀድቶለታል ይባላል፤ እሱም ያንን ሳይረሳ ገበያ በመጣ ቁጥር በጢስ የታጠነ ወተት ሳይሰጠኝ አያልፍም። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም።

«የሐሰን ልጅ!» ይለኛል አጥሩ ላይ ተደግፎ። «መንግሥት ሰማይ እያየሽ ደሞዝ ይሰጥሻል። እኔ ስልሳ ዓመት በነጻ ሳየው ኖርኩ!»

ከዚያ ቁጭ ይልና ዳጉ እንለዋወጣለን። አፋር ከአፋር ጋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ሰላም ብሎ ብቻ አያልፍም። የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ከማን ተጣላ፣ ሁሉንም ይነጋገራል። ያየውን «አየሁ»፣ የሰማውን «ከእገሌ ሰማሁ» ብሎ ለይቶ ነው የሚናገረው። ሰዉም ከብቱም በዚያ ቃል ይንቀሳቀሳል። በዳጉ የዋሸ ሰው ግን አለቀለት፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቀውም፣ ቢናገርም የሚሰማው የለም። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ፣ አባቴና እሱ አጥር ሥር ሲለዋወጡ እያየሁ ነው ያደግኩት። ከአባቴ በኋላ ወንበሩን ለእኔ ሰጠኝ ማለት ነው። ለከተማ ሴት ልጅ፣ ያውም ለአፋር ላልሆነች፣ ይህ ትልቅ ክብር ነበር። እኔ ግን እንደ ጨዋታ ነበር የማየው።

መጋቢት ገብቶ አፋሮች ሱጉም የሚሉት ዝናብ ቀረ። አባ ሁመድና ወገኖቹ ከብቶቻቸውን ወንዝ ዳር አስጠግተው ይጠብቁ ነበር። ሣሩ አልቋል፤ ወይ ወንዙን ተከትለው ወደ ታች መውረድ፣ ወይ ዝናብ ከጣለ ወደ አለደጌ ሜዳ መሻገር ነበረባቸው። አለደጌ ከአዋሽ አርባ ወዲያ ነው፤ የደከመ ከብት ይዞ ለሚሄድ ሦስት ቀን ይፈጃል። ዝናብ ሳይኖር የሄደ አይመለስም።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ሰማዩ በዳመና ተሞልቶ ነበር። እኔና ጋሽ ታደሰ ደጅ ቆመን ስናይ አባ ሁመድ ግመሉን እየጎተተ መጣ። አፍንጫውን ወደ ላይ አንሥቶ ሳበና ራሱን ነቀነቀ።

«ባዶ ነው» አለ።

«እንዴት ባዶ?» አልኩት። «ይኸው ጥቁር ብሏል።»

«ዝናብ ያለው ዳመና ዛፍ ዛፍ ይሸታል። ወንዝ ዳር ዛፎቹ ይተነፍሳሉ፣ ዳመናው ያንን ትንፋሽ ይዞ ይከብዳል። ልጅ ሆኜ ጠዋት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ሽታው ነበር። ይሄ ከሰል ከሰል ይላል። የጢስ ዳመና ይበዛል እንጂ አይወልድም።»

በሳቅ ፈነዳሁ። «አባ ሁመድ ደግሞ! ዳመና ከውሃ ነው የሚሠራው፤ ውሃው ይተናል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። እኛ ተምረነዋል። ሽታ የሚባል ነገር የለበትም።»

«ዛፍ ተምረሻል?» አለኝ።

ጋሽ ታደሰ ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲህ የልጅቷን ደሞዝ ለእርስዎ እንስጥ» አሉት። «አፍንጫዎ ከቆርቆሮው ይሻላል!»

ቀልድ ነበር፤ እኔን ግን ከነከነኝ። የሃያ ሁለት ዓመት ኩራት ምን ይመስላል ብትሉኝ፣ ያን ቀን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልኩ። ምሳ እንኳ አልበላሁም። ብቻ ይዝነብና ሁለቱንም ላሳያቸው እያልኩ ሰማዩን ሳንጋጥጥ ዋልኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዝገቡን ይዤ ወጣሁ። ወደ አለደጌ በኩል ከዳመናው ሆድ ግራጫ መጋረጃ ተዘርግቶ አየሁ። ዝናብ ነው! የሚወርድ ዝናብ! ከሥሩ አድማሱ በጢስና በአቧራ ስለተሸፈነ መጋረጃው የት እንደሚያልቅ አይለይም። አባ ሁመድ ወተቱን ሸጦ ሲመለስ ደረሰ፤ ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

«ዘነበ! አለደጌ ዘነበ! አፍንጫዎ አሁን ምን ይላል?»

ግመሉን አቆመ። ፊቱ ላይ የነበረው ጨዋታ ጠፋ።

«የሐሰን ልጅ፣ ይሄ ዳጉ ነው ወይስ ጨዋታ?»

ጨዋታ ነው ብል ምን ነበረበት! አንዲት ቃል ነበረች።

«ዳጉ ነው» አልኩት።

«በዓይንሽ አየሽ?»

«በዓይኔ።»

«መሬት ሲነካ?»

«ነካ» አልኩ። ምነው ምላሴ በተቆረጠ!

ከአጥሩ ሥር ካለችው ጉብታ ሆኖ ወደ ማዶ ቢያይም ከእኔ ይልቅ ዓይኑ ደክሟል፤ የሚታየው ጥቁረት ብቻ ነበር። እንደገና አፍንጫውን አንሥቶ ሳበ። «ለእኔ አይሸተኝም» አለ በቀስታ። «ግን ዓይን ከአፍንጫ ይበልጣል።» ግመሉን ጎትቶ ሄደ። ያን ዕለት ወተት መስጠቱንም ረሳ፤ ለካ ለወገኖቹ ሊያደርስ ቸኩሎ ነው።

ቢሮ ገብቼ ብዕር አነሣሁ። አሁን የምናገረውን ነገር በደንብ ስሙኝ። በእኛ መዝገብ እያንዳንዱ የሰማይ ሁኔታ የራሱ ቁጥር አለው። በሩቅ የሚታይ ዝናብ መሬት ከነካ አንድ ቁጥር፣ መሬት ሳይደርስ አየር ላይ ከቀረ ሌላ ቁጥር። እጄ ቆመ። ጋሽ ታደሰ ማታ ይመረምሩታል፣ ከሌሎቹ ጣቢያዎች ጋር ያመሳክሩታል፣ ስህተት ቢገኝ ሥራዬ ነው። እንደገና ወጥቼ አየሁ። መጋረጃው ከሥሩ እንደተበላ ጨርቅ ተቆራርጦ አየር ላይ እያለቀ ነበር። ገብቼ «መሬት አልደረሰም» የሚለውን ቁጥር ጻፍኩ።

አያችሁልኝ? ለወረቀቱ እውነቱን፣ ለሰውየው ውሸቱን። አባ ሁመድ ገና የሐዲዱን ማቋረጫ አላለፈም ነበር፤ ብጠራው ይሰማኛል። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። አፌን ልከፍት ስል ጋሽ ታደሰ ከጥላው ሥር ሆነው ሻይ ሲጠጡ ዓይኔ ውስጥ ገቡ። በሳቸው ፊት ተሳስቻለሁ ብዬ ልጮህ? እሱ ቤቱ እስኪደርስ ይዘንብ ይሆናል፣ ኢንሻአላህ፣ ብዬ ተመለስኩ። በአላህ ስም ፈሪነቴን ሸፈንኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላል የአገሬ ሰው፤ እኔ ግን ገና ከአፋፉ ሳይርቅ ልመልሰው ስችል ነው የተውኩት።

አልዘነበም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው መጡ። አባ ሁመድ ከኋላቸው ነበር፤ ጉንጩ ገብቷል፣ ሽርጡ አቧራ ለብሷል። ጋሽ ታደሰ አግዳሚ አወጡላቸው። ጢሙን ሂና የተቀባው ሽማግሌ ተናገረ።

«ይህ ሰው ዳጉ አመጣ። አለደጌ ዘነበ፣ መሬት ነካ አለን። ማን አየ አልነው። የሐሰን ልጅ በዓይኗ አለ። ሄድን፤ ያገኘነው አፈር ነው። ከብቱ ወደ ኋላ መመለስ አቃተው፣ እዚያው አለቀ። ካሳ ልንጠይቅ አይደለም የመጣነው፤ እናንተ መንግሥት ናችሁ። ቃሉን ልናጣራ ነው የመጣነው።»

ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞሩ። ታናናሾቼ፣ እናቴ፣ የወር ደሞዜ፣ ሁሉም ፊቴ ድቅን አለ። «መዝገቡን ይዩት» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ መዝገቡን አምጥተው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ዘጠኝ ሰዓት። በሩቅ የሚዘንብ ይታያል፤ መሬት አልደረሰም። ይኸው በቀለም የተጻፈ፣ በዚያው ዕለት።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አባ ሁመድ ሁለት እርምጃ ቀርቦ አየኝ።

«የሐሰን ልጅ፣ ዳጉ ነው ወይስ ጨዋታ ብዬ አልጠየቅኩሽም?»

«የነገርኩዎት የጻፍኩትን ነው» አልኩት። ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ወጣ፤ ዛሬ ድረስ የሚገርመኝ እሱ ነው። «አልሰሙኝ ይሆናል።»

ብዙ ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። ይጮሃል፣ ይምላል፣ የአባቴን ስም ጠርቶ ይረግመኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን መዝገቡን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ።

«እንግዲያ ጆሮዬ ነው የዋሸኝ» አለ።

በቃ። ተነሥተው ሄዱ። ሦስቱ አብረው ከፊት፣ እሱ ብቻውን ከኋላ፤ ዞሮ የጠበቀው አልነበረም። ጋሽ ታደሰ መዝገቡን አጥፈው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አየሽ፣ መዝገብ በትክክል መያዝ ማለት ይሄ ነው። ባትጽፊው ኖሮ ዛሬ አልቆልሽ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው አዲስ ሠራተኛ ሁሉ እኔን ምሳሌ ያደርጉኝ ነበር።

አባ ሁመድ ከብት ስላልነበረው በሰው ግመል ገበያ መምጣት ጀመረ። በአጥሩ ሲያልፍ «አሰላሙ አለይኩም» ይላል፣ «ወአለይኩሙ ሰላም» እላለሁ፣ ያልፋል። አይቀመጥም፣ አይጠይቅም። ገበያው ውስጥ ደግሞ ሰዎቹ ክብ ሠርተው ዳጉ ሲለዋወጡ ዳር ላይ ተቀምጦ አየሁት። ቃሉ በግራው ካለው ሰው ይደርስና እሱን ዘልሎ በቀኙ ካለው ይቀጥላል። የከብቱ ማለቅ አይደለም ያስለቀሰኝ፤ ይሄ ነው። አልቅሼም ሄጄ እውነቱን አልተናገርኩም። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ክቡ ውስጥ ገብቶ «ነካ ያልኩት እኔ ነኝ» ማለት።

ከዓመታት በኋላ ትዳርም ይዤ፣ ሥራዬም ወደ ሰመራ ተዛውሮ ስመላለስ አንድ ቀን አውቶቡሱ ሎጊያ ላይ ለምሳ ቆመ። አንድ ጋራዥ ጥግ ወተት የምትሸጥ ሴት ፊቷ አባ ሁመድን መሰለኝ። ልጁ ፋጡማ ነበረች። አላወቀችኝም። አባትሽ እንዴት ናቸው አልኳት።

«ሞተ» አለችኝ ወተቱን እየቀዳች። «በመጨረሻ ዝም ብሎ ነበር የሚኖረው። አንዳንዴ ልጆች፣ የማያውቁ ልጆች፣ ዳጉ ሲጠይቁት ‹ወረቀት ጠይቁ› ይላቸው ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ አናውቅም።»

እኔ አውቃለሁ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ተሳፋሪ ጠራ። ወተቱን ጠጣሁ፣ አመሰግናለሁ አልኩ፣ ገባሁ። ረዳቱ ላይ ላሳብብ እችል ነበር። አውቶቡሱ እኮ ከዚያ በኋላ ሩብ ሰዓት ቆሟል፤ በመስኮቱ በኩል ስታየኝ ነበር።

እንግዲህ ሃያት መጽሐፏን ጭኗ ላይ አድርጋ «እንዴት አወቅሽ» ስትለኝ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ፤ ያውም ሰውየው ከሞተ፣ ጋሽ ታደሰም ከሞቱ በኋላ። አሁን የምፈራው ሰው ስለሌለ ተናገርኩ፤ ይህንን ድፍረት ብዬ አልጠራውም። ሃያት መጽሐፏን አጠፈች። «ያኔ ሳይንሱንም አላስተማሩሽ» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ ፈልጋ ነው።

«ስለ ሳይንሱ አልተጠየቅኩም» አልኳት። «እሱ የጠየቀኝ መሬት ሲነካ አይተሻል ወይ ነው።»

በዚያው ሰዓት ከሎጊያ ወዲያ ጥቁር ዳመና ቆሞ፣ ከሥሩ ግራጫ መጋረጃ ተዘርግቶ ነበር። በዚህ በኩል ከውጭ መጥቶ አገሩን የወረረው የእሾህ ዛፍ ሲከሰል ይጨሳል፤ በዚያ በኩል ተሳቢዎቹ። ሳላስበው አፍንጫዬን ወደ ላይ አንሥቼ ሳብኩ። ናፍጣ ነው የሸተተኝ።

ሃያትም አይታው ተነሣች። «እማማዬ፣ እዚያ ማዶ እየዘነበ ነው እንዴ?»

አጥሩን ይዤ ቆሜ ብዙ አየሁ። ዓይኔ እንደ እሱ ዓይን ደክሟል።

«መሬት ሲነካ አላየሁም» አልኳት።

ሦስት ቃል ናት። ለልጅ ልጄ ስናገራት ምንም አላስቸገረችኝም።